ለሊቀመንበሩ የተረጎምኩት ፊልም

ባለፈው እሁድ ጎሮ ሰፈር ልጄ ቤት ምሳ በልተን እንዳበቃን፣ እሷ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ብርቱካን እየላጠች አንድ የድሮ ነገሥታት ዘመን ፊልም ከፈተች። ሁለት እህትማማቾች ለአንድ ንጉሥ ፍቅር ይሻማሉ፤ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ከመጋረጃ ኋላ ታለቅሳለች፣ አባትየው ደግሞ ዳር ቆሞ ሁለቱንም በግ ገበያ እንደወጣ ሰው በዓይኑ ይመዝናቸዋል። ልጄ ከብርቱካኑ አንዷን ክፋይ ወደ እኔ እየዘረጋች "እማዬ፣ አንቺ ለየትኛዋ ነሽ?" አለችኝ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ክፋይዋን ሳልቀበል ተነሳሁ። ምሳው ከብዶኝ ነው ብዬ በረንዳ ወጣሁ። ምሳው ግን አልነበረም።

ይህን ፊልም፣ ይኸኛውን ባይሆን የሥጋ ዘመዱን፣ በደርግ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቤታችን ዛሬ ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ነበር፤ ያኔ ዙሪያው ሣርና ባሕር ዛፍ ሆኖ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች የሚንጫጩበት፣ አባቴም የጀመረውን ቁጣ አቋርጦ፣ ድምፁ እስኪያልፍ ጣቱን እንዳነሳ ቆይቶ፣ ካቆመባት ቃል የሚቀጥልበት ቤት። የሚቆጣው ደግሞ በአብዛኛው እኔንና እህቴን ጽጌን ነበር። አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ሁሉን ነገር በቦታው ማየት ይወዳል፤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሃያ ደቂቃ ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ በሃያ አንደኛው ደቂቃ አጥር በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ እናገኘዋለን። ጽጌ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ መንገድ ላይ ስታልፍ ወሬ የያዙ ሰዎች ወሬያቸው ይጠፋባቸዋል። እኔ እንግሊዝኛ እችል ነበር። ዘመዶቻችን ጽጌን አይተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው "እሷ ደግሞ ጭንቅላት አላት" ይላሉ፣ ሊያጽናኑኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት እጠብቃለሁ። በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ በጽጌና በእኔ መካከል የተወለደው ወንድማችን ዳዊት ጫማ ሊያሰፋ ሃያ ሁለት ሰፈር እንደወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። እናቴ ለሦስት ቀን ምግብ እየቋጠረች የቀበሌው በር ላይ ዋለች፤ አላስገቧትም። በአራተኛው ቀን አባቴ የቀበሌው ሊቀመንበር ጋ ሄደ። ጓድ ተካልኝ ይባላል፤ አንድ ወረቀት ቢጽፍ ልጅ ይመለሳል ይባል ነበር። አባቴ ሲመለስ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠና ወለሉን እያየ ተናገረ።

"እሁድ ከምሳ በኋላ ጓድ ተካልኝ ቤት እንሄዳለን። ቪዲዮ አምጥቷል። ልጆቹ ደህና ልብስ ይልበሱ።"

"ሁለቱም?" አለች እናቴ።

"ሁለቱንም ይዘህ ና ነው ያለኝ።"

 እናቴ ተነስታ ካውያውን አጋለችና የጽጌን ቀሚስ መተኮስ ጀመረች። ሃያ አንደኛዋን ደቂቃ ያልማረን አባት ነው እንግዲህ፣ እሁድ ሲደርስ መካከላችን ሆኖ፣ ጭቃውን በየት በየት እንደምናልፍ እያሳየ፣ ወደዚያ ቤት የወሰደን።

ቤቱ ቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ያለ የተወረሰ ቪላ ነው። የባለቤቶቹ መጋረጃ፣ የባለቤቶቹ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ የባለቤቶቹ ፎቶ የነበረበት ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ሁሉ እንዳለ ነበር። ጓድ ተካልኝ ትልቁ ወንበር ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጦ፣ ጭኑ ላይ ሰሃን ሙሉ ብርቱካን አስቀምጧል። የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳድጎታል፤ በእሷ ብርቱካኑን ይሰነጥቃል፣ ጭማቂው እስከ ክንዱ ሲወርድ በምላሱ ያነሳዋል፣ ከዚያ በዚያው እጁ አንድ ክፋይ ይዘረጋል። መጀመሪያ ለጽጌ ዘረጋ። ጽጌ አባቴን አየችው። "ብዪ እንጂ" አላት አባቴ፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ። በላች።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። ሊቀመንበሩ "ማነው የሚተረጉምልን?" ከማለቱ አባቴ "ትንሿ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር! እንደ ፈረንጅ ነው የምትናገረው" ብሎ በትከሻዬ ወደፊት ገፋ አደረገኝ። እኔም ወለሉ ላይ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጬ መተርጎም ጀመርኩ። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ዘውድና ዘውዳዊ ሥርዓትን አረፋ እስኪደፍቅ የሚያወግዘው ሰው፣ የፊልሙ ንጉሥ በተናገረ ቁጥር ጉልበቱን እየመታ "ወንድ! ንጉሥ ማለት እንዲህ ነው!" ይላል። አባቴም፣ ጆሮው ለእንግሊዝኛ እንግዳ የሆነው አባቴ፣ ሊቀመንበሩ ሲስቅ አይቶ ይስቃል።

አንድ ቦታ ላይ ታላቅየዋ እህት ንጉሡ እግር ሥር ወድቃ "እህቴን ተዋት፤ ልጅ ናት፤ የምትፈልገውን ከእኔ ጠይቅ" ትላለች። ቃሉ ገብቶኛል። አፌ ግን "እህቴ አትረባህም፤ እኔን ተመልከት እያለች ነው" አለ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አውቃለሁ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ሊቀመንበሩ ለጽጌ ሦስተኛውን ብርቱካን ሰጥቷት ነበር፣ ለእኔ ገና አልሰጠኝም። "ትልቋ ክፉ ናት!" ብሎ ሳቀና፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ክፋይ አፌ ድረስ አመጣልኝ። ሞቅ ያለ ነበር፣ ከእጁ። ዋጥኩት። ጽጌም አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጅ ናት፤ ሊቭ ማይ ሲስተር ማለት እህቴን ተዋት መሆኑ አይጠፋትም። ዞር ስል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ፊልሙ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። "የሚመጣው እሁድ እንጨርሰዋለን" አለ ሊቀመንበሩ፣ በር ድረስ ሸኝቶን፤ "የልጁ ነገር በእጄ ነው።"

ያ ሳምንት ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ከቀበሌው ሱቅ ያለ ወረፋ አምስት ኪሎ ስኳር መጣልን። ጽጌ ታይፕ ተምራ ሥራ ፈትታ የተቀመጠች ስለነበረች፣ ቀበሌው ጸሐፊ አድርጎ ቀጠራት። እኔ ደግሞ የጽጌን ባለ ተረከዝ ጫማ ከአልጋ ሥር ደበቅኩ፤ ጽጌ የእኔን ቀሚስ አጣጥፋ ከሚታጠበው ልብስ ጋር ዘፈዘፈችው። "ለዳዊት ብዬ ነው" እንላለን፣ እየተፈራረቅን፣ ለእናታችን። ሰውየውን ሁለታችንም እንጸየፈው ነበር፤ ጥፍሩን፣ ክንዱን መላሱን፣ ጽጌ ራሷ በመጀመሪያው ቀን አስመስላው በሳቅ ገድላኛለች። ግን እንዲመርጠኝ ፈለግሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው፤ አንዴ፣ በማንም ዓይን ይሁን፣ እኔ ልቅደም አልኩ።

በሁለተኛው እሁድ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሲቀር መብራት እንደገና ጠፋ። እኔ በሁለት ክፋይ ብርቱካን በልጫት ነበር።

ከዚያ ሐሙስ ዕለት ጽጌ ከሥራ ወደ ቤት እየሮጠች መጣች። አንድ ዝርዝር በታይፕ እንድትገለብጥ ሰጥተዋት የዳዊትን ስም አገኘችው።

"ወደ ሰሜን ልከውታል፣ አባባ። የፈረመው ጓድ ተካልኝ ነው። የፈረመው እኛ የመጀመሪያውን እሁድ ከመሄዳችን በፊት ነው!"

አባቴ ጣቱን አነሳ። አውሮፕላን ግን አልነበረም፤ ዝም ብሎ ጣቱን እንዳነሳ ቆየ። ከዚያ "ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ጎረቤት ይሰማል። ቢያንስ እኛን አይነኩንም" አለ።

እናቴ ተነስታ የቀበሌውን ስኳር ከነከረጢቱ ጓሮ አውጥታ ደፋችው። በማግስቱ ጠዋት አባቴን ጓሮ አየሁት፤ ቁጢጥ ብሎ፣ አፈር ያልነካውን ከላይ ከላይ በማንኪያ እያነሳ ወደ ቆርቆሮ ይመልሳል፣ ጉንዳኑን እያራገፈ። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። እኔም ወደ ቤት ገባሁ። አባቴን እንደ አባት ያየሁት እስከዚያች ጠዋት ነው።

አሁን የምናገረውን ለባሌም ለልጄም ነግሬ አላውቅም። ጽጌ ሥራውን ተወች፤ እኔ ግን በሦስተኛው እሁድ ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። ጸጉሬን ተሠርቼ፣ የደበቅኩትን የጽጌን ጫማ ከአልጋ ሥር አውጥቼ አድርጌ፣ ብቻዬን ሄድኩ። ስገባ ባለፈው እሁድ እኛ የተቀመጥንበት ሶፋ ላይ የማላውቃቸው ሁለት ልጃገረዶች ከእናታቸው ጋር ተቀምጠዋል። የእነሱም ወንድም ታፍሶ ነበር ለካ።

"ነይ፣ ነይ! አስተርጓሚያችን መጣች" አለ ሊቀመንበሩ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመረው።

ተመልሼ መውጣት እችል ነበር። ለልጆቹ አንዲት ቃል መናገር እችል ነበር፣ የእኔን ወንድም አስቀድሞ ፈርሞ ልኮታል ብዬ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ተረጎምኩ። ያ የታላቅየዋ ንግግር ሲደርስ በትክክል ተረጎምኩት፤ "እህቴን ተዋት" አልኩ። ለማንም አልጠቀመም፤ ትንሿ ልጅ ብርቱካኑን ተቀብላ፣ ልብላው አልብላው በሚል የእናቷን ፊት ታያለች። እናቷ "ብዪ እንጂ" አለቻት። ስወጣ ለእኔ ሳይሰጠኝ መቅረቱ እንደከፋኝ ገባኝ፤ አጥሩን ተደግፌ አስመለሰኝ።

ጽጌ አጥር በራችን ላይ ቆማ ነበር። ጫማዋን አየች፣ ከዚያ ፊቴን።

"ስለ ዳዊት ጠየቅሽው?" አለችኝ።

አልጠየቅሁትም ነበር። ስሙን እንኳ አላነሳሁም።

ዳዊት አልተመለሰም። አንድ ደብዳቤ ጻፈ፣ ስለ ብርዱና ስለ ጫማው፤ ከዚያ በኋላ የት እንደወደቀ የነገረን ሰው የለም። ያ መንግሥት ሲወድቅ ሊቀመንበሩ ጠፋ፤ የት እንደገባ አልጠየቅሁም። አባቴ ስኳር ይገባበታል ብሎ እስከሚሞት ሻይ አልጠጣም፣ እኛም ለምን አላልነውም።

ከጽጌ ጋር አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል። ከዚያ እሁድ በፊት አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፣ ቀዝቃዛ እግሯን እግሬ ላይ ጭና፣ ለራሷ ገና ያልነገረችውን ለእኔ ትነግረኝ ነበር። በዚያው ማግስት ፍራሽ አውጥታ ወለሉ ላይ አነጠፈች፤ እስክታገባ ድረስ እዚያው ተኛች። ዛሬ በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ ጉንጬን ሦስቴ ትስመኛለች፣ ልጄን ትመርቃለች፣ ጎረቤት የሚያውቀውን ወሬ ሁሉ ትነግረኛለች። አምና ሆዷን ኦፕራሲዮን መሆኗን የሰማሁት ከሰው ነው። ወተትና ጭማቂ ይዤ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀበለችኝ፣ ልብሷን አስተካከለች፣ ወንበር እንዲያመጡልኝ አዘዘችና ፈገግ አለች።

"ውይ፣ ምን አስቸገረሽ" አለችኝ።

ለእንግዳ እንደሚባለው።