የጎረቤት መደብ

አባቴ የቅርጫ ሥጋ ደስ ብሎት ሲበላ አይቼው አላውቅም። አስኮ እኛ ሰፈር ለፋሲካ ጎረቤቶች ተዋጥተው አንድ በሬ ያርዳሉ። ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ይከፈላል፤ ከሽንጡም ከዳቢቱም ከጉበቱም ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ከዚያ ማንም እንዳያማርጥ ዕጣ ይወጣል። ከዚህ በላይ እኩልነት ከየት ይመጣል? አባቴ ግን የራሱን መደብ ዘንቢል ውስጥ እየከተተ ዓይኑ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን መደብ ላይ ነው። ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ ሁሌም ያው ነው፤ «ጮማው ለእነሱ ደረሰ።» እናቴ ስቃ ታልፈው ነበር። እኔ እናደድ ነበር።

ያለፈው ፋሲካ እናቴ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን» ብለው ሸኝተውናል። እህል በአፏ ከዞረ ሰነባብቷል፤ አጥሚቱም በስንት ልመና ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን ራሷ «ጥብስ አማረኝ» አለችኝ። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በነጋታው ሥጋው እንደመጣ ለስላሳ ለስላሳውን መርጬ፣ አድቅቄ ከትፌ፣ በቅቤ ጠበስኩላት። አንድ ጊዜ አጎረስኳት። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች።

«ይጣፍጣል፤ እጅሽ ይባረክ» አለች። ለሁለተኛው ራሷ አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ።

ይሄኔ አባቴ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ፣ «ምኑ ይጣፍጣል? ጅማቱን አሸክመውን! ሽንጡንማ እነሱ እየበሉት ነው» አለ።

«አባዬ፣ በእመቤቴ፣ ዛሬ እንኳ ተው!» አልኩት።

እናቴ ያጎረስኳትን ብዙ አላመጠችና መዳፏ ላይ ተፋችው። «ይቅርብኝ ልጄ፣ ጅማት ሆነብኝ።»

ጅማት አልነበረበትም። በእጄ ነው የለቀምኩት።

በማግስቱ የዚያ ጎረቤታችን ሚስት በሽተኛ ልትጠይቅ ስትመጣ በሳህን ጥብስ ይዛ መጣች። አባቴ ቀመስ አደረገና «ሥጋ ማለት ይሄ ነው!» አለ። ያው በሬ ነው። ሴትየዋ ሳቀችና፣ የእሷም ባል «ጥሩ ጥሩው ለእነሱ ደረሰ» ሲል እንደዋለ አጫወተችን። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ምግብ አማረኝ ብላ አታውቅም።

የሰኔ ጾም ሳይገባ ቀበርናት። ድንኳኑ ውስጥ ከአንድ ድስት የወጣ ንፍሮ ለሁሉም ታደለ። አባቴ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እንባው እየወረደ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰውዬ ሳህን በጎን ያያል።