ሳሉግ ያልሆነው ስኳር
የሰሊጥ መጋዘኑን ዘበኛ መድኃኒቱን እንዲውጥ ያሳመነው ማን ይሆን? አሰበች የምትባለው ሻይ ሻጭ ብታስብ ብታስብ መልሱን አላገኘችውም።

ሰውየው ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ መተማ የቀረ ነው። ማለዳ ከጥበቃ ሲወጣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ከዳሷ ይቀመጣል። አምና ሐኪሞቹ ስኳር አለብህ ሲሉት ሳቀባቸው።

«ሳሉግ ነው እቴ! ሰሊጡ ሲታጨድ ወደ አገሩ ይገባል» ይላት ነበር፤ ለአጨዳ መጥቶ የሚመለሰውን የቀን ሠራተኛ ማለቱ ነው። እንክብሉን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ሻዩን እንደ ሱዳኖቹ በስኳር አወፍሮ ይጠጣል። ክረምት ላይ እግሩ ቆሰለ፤ ቁስሉም አልድን አለ። አሰበች እግሩን ይቆርጡታል ብላ ሰጋች።

ዘንድሮ ሰሊጡ ታጨደ፤ ሳሉጎቹም በአይሱዙ ተጭነው ሄዱ። በማግስቱ ሰውየው ነጭ ካልሲና ሽፍን ጫማ አድርጎ መጣ።

«በዚህ ሐሩር ካልሲ? ሙሽራ ሆንህ እንዴ!»

«ቁስሉ እንዳያገረሽ እግርህን ጠብቅ ብለውኛል ሐኪሞቹ። ሻዩን ያለ ስኳር አድርጊልኝ።»

«ያ ሳሉግህስ? አልሄደም?»

«ሳሉግ አይደለም» አለ ቂጣውን እየቆረሰ። «እንደኔው መጥቶ የቀረ ነው። እንግዲህ ተቻችሎ መኖር ነው።»

«ማን መከረህ ግን?»

ሰውየው ሳሉጎቹ ወደሄዱበት የደጋ መንገድ አየት አደረገ። ቂጣውን ጨርሶ እንክብሉን ዋጠ። ከዚያ ኒም ዛፏ ሥር ወዳለችው የጠፍር አልጋው ሄዶ ጫማውን ፈታ፤ እግሩን አጥቦ የጣቶቹን መሐል ሳይቀር አደረቀ። እንቅልፍ የወሰደው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።