ሩዝ ላይ የተዘረጋ አጎበር

ስሟን አልጠየቅኋትም፤ አውቃታለሁ ለማለትም አልደፍርም። ወረታ ጤና ጣቢያ ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ነው የመጣችው። ሆዷ ለሰባት ወር እርጉዝ ትንሽ ነው። የማሳ ጭቃ የደረቀበትን እግሯን ደጋግማ ከአግዳሚው ሥር ትደብቃለች። የወባው ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ሰው እንዳያይባት ጥርሷን ትነክሳለች።

አዋላጇ ወጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እናትዬ፣ ወባው እንግዴ ልጁን ሳይነካው አልቀረም። ለልጁ ምግብ የሚደርሰው በእንግዴ ልጁ የደም ሥር ነው፤ እሱ ሲጎዳ ልጁ አያድግም።»

«በሆዴ እያለ ይራባል?»

«ያንሰዋል። መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጀምሪ። አጎበር ወስደሽ አልነበር?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «የሩዙን ችግኝ ወፍ ፈጀው። እሱ ላይ ዘረጋነው። ልጁ ሲመጣ የሚበላው አይጣ ብለን ነው።»

«ሩዙን ወባ እንዳይዘው ነዋ!» አለች ከወዲያ አንዲት ሴት። በረንዳው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ፤ ወዲያው ግን አፈርሁ።

አዋላጇ መድኃኒቱን ሰጥታት ስትገባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እቤት ስትደርሺ ከሩዙ ላይ ታነሽዋለሽ?» አልኋት።

መድኃኒቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ቋጠሮውን ደግማ አጠበቀችውና፣ «ወፉስ?» አለችኝ።