ቋንጃው የተቆረጠ በሬ እንዴት እንደሰቀልኩ

ከባድ ዕቃ በማንሳት ረገድ አቃቂ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ብረት ፋብሪካ በጠራጊነት ገብቼ፣ ክሬን የሚነዱትን እያየሁ ተምሬ፣ ጡረታ የወጣሁት የእነሱ አለቃ ሆኜ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም ስገባም ከሕንፃችን ጀርባ ላለው ማረጃ የበሬ መስቀያ ብረት የበየድኩት እኔው ነኝ። ከዚያ በፊት የቅርጫችን በሬ መሬት ላይ እንደተጋደመ ነበር የሚበለተው፤ ሥጋው አሸዋ ይዞ ነበር ቤት የሚገባው።

የዛሬ ሁለት ዓመት በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ በሬው ታርዶ ልንሰቅለው ስንል ጉዱን አየሁ። በሬ የሚሰቀለው በኋላ እግሮቹ ነው። ከእግሩ መታጠፊያ ጀርባ ቋንጃ የሚባል ወፍራም ጅማት አለ፤ በሥሩ ብረት ይገባና ክብደቱን ሁሉ ጅማቱ ይሸከማል። ጎረቤቶቼ ግን በሬው እንዳይነሳባቸው ብለው፣ መሬት ላይ ሲበልቱ እንደለመዱት፣ ያንዱን እግር ቋንጃ ቆርጠውታል።

አራጁ ሚስቱ በዚያው ሳምንት የወለደችለት፣ እጁ ፈጣን ሰው ነው። "ጋሼ፣ ባንዱ ይበቃል። እኔ ከሥር ገብቼ ቶሎ ቶሎ እገፍፈዋለሁ" አለኝ።

"ከሥር መግባትህን እኮ ነው የፈራሁት። ከሦስት ኩንታል በላይ ነው!"

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ሳፋቸውን ታቅፈው ደረጃው ላይ ቆመዋል። "ጋሼ፣ ሥጋው ለዛሬ ነው ወይስ ለገና?" ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ሰው ሳንቀብር ከዋልን ለዛሬ ነው እመቤቴ" አልኳቸው።

አራጁን በክንዱ ይዤ ከአካባቢው አራቅኩት። ማንም እንዳይጠጋ ከልክዬ፣ ባንዱ ቋንጃ ብቻ አንጠልጥዬ፣ መካኒኮች ሞተር በሚያወጡበት የሰንሰለት ማንሻ ከፍ ከፍ አደረግኩት። ትከሻው ከመሬት እንደለቀቀ ጅማቱ ተተረተረ። በሬው አራጁ ሊቆም ባሰበበት ቦታ ላይ ዱብ አለ።

አራጁ ቢላውን መሬት አስቀመጠ። "ታዲያ የት ልቁም ጋሼ?"

"እኔ እስክነግርህ የትም!"

ሰኮናዎቹ ገና አልተቆረጡም ነበር። ሁለቱንም የኋላ እግሮች ከሰኮናቸው በላይ በሰንሰለት ሁለት ሁለት ጊዜ ጠመጠምኳቸው፤ ሰኮናው ሰፊ ስለሆነ ሰንሰለቱ አያመልጥም። አንድ ክንድ ያህል ብቻ አንስቼ በሙሉ ጉልበቴ ወዘወዝኩት። ሰንሰለቱ ካለበት ፈቀቅ አላለም። ያን ጊዜ እስከ ላይ ሰቀልኩትና አራጁን ጠራሁት፤ እሱንም በጎን በኩል እንጂ ከሥር እንዳይቆም አድርጌ።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት የሠራሁትን ልቁጠር። አንድን አባት ሙሉ አካሉን ይዞ ቤቱ እንዲገባ አደረግኩ። በቋንጃው ሊሰቀል የማይችል በሬ ሰቀልኩ። አሸዋ ያልነካው ሥጋ ከምሳ በፊት ለሁሉም ቤት አዳረስኩ። ወይዘሮዋን ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝም አሰኘሁ፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም። ከዚያ ወዲህም በሕንፃችን የበሬ ቋንጃ መቁረጥ አስቀረሁ።