እናትን ባዳ ያደረገ ደንብ

የምሠራው አብነት ሰፈር ባለ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነው። መጽሐፍ የምናውስበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል፤ ምን ይግባ ምን ይውጣ የሚለውንም እዚያው በጽሑፍ ይከራከሩበታል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቼ ስላገኘሁት ይሆናል፣ የተጻፈን ነገር በዋዛ አላልፍም።

አንድ ቀን ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የምትሸጥ ሴት ለታመመች ልጇ የተያዘውን የመማሪያ መጽሐፍ ልትወስድ መጣች። ፈተና ደርሷል። የልጅቷን ካርድና የእናትየውን ስም ሳስገባ ፕሮግራሙ «ቤተሰብ አይደለችም» ብሎ ከለከላት።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«የመጨረሻ ስማችሁ አይገጥምም ይላል።»

«እንዴት ይገጥማል? የእኔ አባት ሌላ፣ የእሷ አባት ሌላ! ያማጥኳት እኔ ነኝ ወይስ ይሄ ኮምፒውተር?»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። መጽሐፉን በራሴ ካርድ አውጥቼ ሰጠኋትና ኮዱን ከፈትኩ። ደንቡ አንድ መስመር ነው፦ የመጨረሻ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ቤተሰብ ናቸው። እኛ ዘንድ የመጨረሻው ስም የአባት ነው፤ ሴት ብታገባም አትለውጠውም። ስለዚህ እናት ባዳ ሆነች፤ አባቶቻቸው ሞክሼ የሆኑ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ግን ቤተሰብ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ይዞ ቢሄድ ጠያቂ የለውም።

ደንቡን ሰርዤ በምትኩ አንድ ጥያቄ አስገባሁ፦ «መጽሐፍዎን ማን ይውሰድልዎ?» ሰው ስለ ዘመዱ ራሱ ይናገር። ሥራዬን ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ላክሁት። ከዋናዎቹ አዘጋጆች አንዱ በትሕትና መለሰልኝ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ለእናንተ አገር ብቻ የሚበራ ምርጫ እናድርገው፤ ዋናው ደንብ ባለበት ይቆይ።

ኮድ ያስተማረኝ ጓደኛዬ ይህን አንብቦ ሰንጋ ተራ ካለው ቢሮው ደወለልኝ።

«እህት ዓለም፣ አሸነፍሽ እኮ! በቃ ተቀበይ።»

«ምኑን ነው ያሸነፍኩት?»

«ለእኛ ይሠራል አይደል? የሌላው አገር ምን አገባሽ?»

«ሌላ አገር ከእናቷ ጋር ስም የማትጋራ ልጅ የለችም? ስሕተቱ ዋና ደንብ ሆኖ ይቀመጥ፣ እኛ ጥግ ላይ እንታከክ ነው የምትለው?»

«አቤት ድርቅናሽ! የላክሽውን ሳይቀበሉ ይዘጉታል እያልኩሽ ነው። ከዚያ የራስሽን ቅጂ ይዘሽ፣ እነሱ ያሻሻሉትን ሁሉ በእጅሽ ስታመላልሺ ልትኖሪ ነው።»

«ላመላልስ።»

ለአዘጋጁ አጭር መልስ ጻፍኩ፦ «እኛ ልዩ ሁኔታ አይደለንም። ደንቡ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ማብሪያና ማጥፊያ አይገጠምለትም።» በሳምንቱ የላክሁትን ማሻሻያ ሳይቀበሉ ዘጉት። የኮዱን ቅጂ ወሰድኩ፣ ያረምኩትን ይዤ ለብቻዬ ወጣሁ፣ የቤተ መጻሕፍታችንም ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት።

አሁን እነሱ አዲስ እትም ባወጡ ቁጥር ለውጡን መስመር በመስመር አንብቤ ወደ እኛ ቅጂ አሻግራለሁ። ቅዳሜዬን ይበላል። ባለፈው አንዱን መስመር ተሳስቼ ማዋሱ ግማሽ ቀን ቆመ። ጓደኛዬ «ነግሬሽ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ነግሮኛል። የሰረዝኩትን ግን አልመለስኩም፤ አልመልስምም።