ከአማት የባሰ ቋንቋ

ሺኒ ልጅ በማሳደግ አሥራ አንድ ዓመት ቤት ከዋለች በኋላ፣ በአርባ አራት ዓመቷ በሕንድ ኮቺ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠራት። ፈተናዋ ቀላል አልነበረም። በአቅራቢያው ያለው የሙናምባም ወደብ ዓሣ አጥማጆች በስልክ የሚያናግሩት የኤአይ ረዳት አላቸው፤ ረዳቱ ጀልባዎቹ የት እንዳሉ ከዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ኮምፒውተር ጠይቆ የሚመልስበትን መሣሪያ መሥራት ነበረባት። ሙከራዋ በሚያበቃበት አርብ ረፋድ ላይ ከሠራ ቋሚ ትሆናለች፤ ካልሠራ ወደ ቤቷ።

እሷ ደግሞ ግትር ናት፤ በራስት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ራስት ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ስህተትህን እየለቀመ አላሳልፍም የሚል የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። አጠገቧ የሚሠራው ጂትን በቀላል ቋንቋ በሁለት ቀን እጨርሰው ነበር እያለ ሦስት ሳምንት ሳቀባት። እንደ ታላቅ እህቱ ቼቺ ነው የሚላት።

«ቼቺ፣ ይሄ ቋንቋሽ እኮ ከአማት ይብሳል።»

«ከአማቴ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ወጥሽ ጣፈጠ ብለውኝ አያውቁም። አሁን ማሽን ሊያስፈራኝ ነው?»

አርብ የማኅበሩ ሊቀመንበር ፓውሎስ ቼታን ራሳቸው መጡ። ስልካቸውን አውጥተው የልጃቸው ጀልባ የት እንደደረሰች ጠየቁ። ረዳቱ ጭጭ አለ። ደገሙት፤ አሁንም ዝም። አለቃዋ ሬንጂት ሰዓቱን አየ፤ ሺኒ ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች። ጠዋት ጥያቄውን በእጇ ጽፋ ስትሞክረው እኮ ሠርቷል! ታዲያ ምን ነካው?

ወዲያው ትዝ አላት። ጥያቄ መድረሱን በዓይኗ ለማየት ብላ «ደረሰ» የሚል ቃል ስክሪኑ ላይ እንዲወጣ አድርጋ ነበር። ለሰው ዓይን ምንም አይደለም። ረዳቱ ግን መልሱን የሚያነበው ይህ ቃል በሚወጣበት በዚያው መንገድ ነው፤ ያልጠበቀው ቃል ጣልቃ ሲገባበት ግራ ገባው። ራስትም ሕግ ስላልተጣሰ ዝም ብሎ አሳለፋት። አማትም ብትሆን የማታየው ነገር አለ።

አምስት ደቂቃ ስጡኝ አለች። ቃሉን ከዚያ መንገድ አውጥታ ለብቻው ወደሚጻፍ መዝገብ ላከችው። ፓውሎስ ቼታን እንደገና ጠየቁ።

«ከወደቡ አራት ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ወደ ቤት እየመጣች ነው» አለ ረዳቱ።

ሽማግሌው ፈገግ አሉና ወደ ማኅበሩ ደወሉ፤ ያለ ሰው ሁሉ አሁኑኑ ይጠይቅ አሉ። ዘጠና ሰው ባንድ ጊዜ ጠየቀ፤ ዘጠናውም መልሱን አገኘ። መሣሪያው ንቅንቅ አላለም። ጂትን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሰኞ አጠገብሽ ቁጭ ልበልና አሳዪኝ አላት። ሬንጂት ደግሞ የቋሚነት ወረቀቷን እዚያው ፈረመላት።

ሺኒ ደረጃው ላይ ወጥታ ወደ ቤት ደወለች። ያነሱት አማቷ ናቸው።

«ሥራውን ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«እኔማ ለሰፈሩ ሁሉ ይሰጧታል ብዬ ነግሬአለሁ። የዓሣውን ወጥ ዛሬ እኔው እሠራለሁ፤ አንቺ ቀስ ብለሽ ነይ።»