የአያቴ ቤት ምሰሶ በጀልባ ሆድ

ባለፈው ሰሞን አዘዞ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ ከአንድ ጋራዥ የፋይበር ሙጫ ሽታ መጣብኝ። ሰውዬው የመኪና መከላከያ እየጠገነ ነበር። እኔ ግን በቆምኩበት ተናደድኩ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው በሙጫ ሽታ ሲናደድ ማየት ያስቃል፤ ቢሆንም ተናደድኩ።

ነገሩ ሲሆን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እዚያው አዘዞ የተሰበረ የመኪና አካል በፋይበር እየለጠፍኩ አድር ነበር። አባቴ ከዳባት የመጣ አናጢ ነው፤ የስንት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያቆመ። እንጨት ጥዬ ወደዚህ «ላስቲክ» መሄዴን እንደ ሥራ አይቆጥረውም ነበር።

በነሐሴ መግቢያ አያ ጥጋቡ የሚባሉ ሰው አሮጌ የፋይበር ጀልባቸውን ከጎርጎራ በአይሱዙ ጭነው መጡ። ጣና ላይ ገበያተኛና ተሳላሚ እያሻገሩ ስድስት ልጅ የሚያሳድጉበት ጀልባ ነው። ወለሉ ሲረግጡት ይሰረጉዳል አሉኝ።

ወለሉን ስቆርጠው ነገሩ ታየ። በጀልባው ሆድ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱ፣ በፋይበር የተለበጡ ሁለት ተሸካሚ እንጨቶች አሉ። ልባጡ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን በስብሶ በማንኪያ የሚዛቅ ሆኗል። አንድ ሳምንት ሙሉ ፋቅሁ። ብናኙ አንገቴ ውስጥ ገብቶ ያሳክከኛል፤ ዝናቡ ከላይ የወጠርኩትን ሸራ እየገለበጠ ያደረቅሁትን ያረጥብብኛል። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ባዶ ሆዴን እውላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሱፍ ፍትፍት ሲመጣልኝ ደግሞ ሁሉም ነገር ሙጫ ሙጫ ይለኛል።

አዲሱን እንጨት ዋንዛ ላደርገው አስቤ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ዳባት ሄዶ ከፈረሰው ከአባቱ ቤት የጽድ ምሰሶውን ነቅሎ አመጣ። ለሁለት አሰንጥቆ፣ ራሱ ልጎ፣ ጀልባው ውስጥ አስተኛው።

«ጽድ አይበሰብስም» አለ አያ ጥጋቡ ፊት። «ቤተ ክርስቲያን የተሸከመ እንጨት ጀልባ ያቅተዋል?»

አያ ጥጋቡ መረቁት።

እውነቱን ነው፣ ጽድ አይበሰብስም። ግን ቅባት አለው። ቁራጩ ላይ ትንሽ ሙጫ ቀብቼ አሳድሬ ጠዋት ብነካው ጣቴን ያዘኝ፤ አልደረቀም። ሙጫ በጽድ ላይ እንደማይጸና ያን ጊዜ አወቅሁ። ስንቴ ልናገር አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አባቴ የአባቱን ቤት ምሰሶ ነቅሎ ለሥራዬ ሲሰጠኝ፣ በዚያ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ማመኑ ነበር። ያንን እንዴት አድርጌ ልመልስበት? የሙጫውን ማጠንከሪያ አበዛሁና፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ለበጥኩት።

በመስቀል ማግሥት ጀልባው ተመልሶ መጣ። ማዕበል ሲመታው ሁለቱም እንጨቶች ከሆዱ ተላቀው፣ ወለሉ ተሰንጥቆ፣ ተሳፋሪዎቹን ሌሎች ሰዎች በታንኳ ደርሰው ነው ያወጧቸው። ስፈታው ጽዱ አንድ ነገር አልሆነም፤ ልባጡ ግን እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተልጦ ወጣ። አያ ጥጋቡ አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ያኔ አላወቅህም ነበር?» አሉኝ።

አባቴ አጠገባችን ቆሟል።

«አውቄ ነበር» አልኩ።

አባቴ ጀልባውን ትቶ እኔን አየኝ። «ብትነግረኝ እሰማህ ነበር» አለና ዋንዛ ሊመርጥ ሄደ።

በዋንዛ ደግመን ሠራነው፤ ጸናም። አያ ጥጋቡ ግን የመስከረምን መጨረሻና የጥቅምትን ገበያ አጡ፤ ያን ማንም አልመለሰላቸውም። አባቴም ከዚያ ወዲህ በሥራዬ አንድ ቀን አፉን አላስገባም። ምክር ስጠይቀው «አንተ ታውቃለህ» ይለኛል። በልጅነቴ ያን ቃል ከአፉ ለመስማት ያላደረግኩት አልነበረም፤ ሲመጣ ግን ሙገሳ አልመሰለኝም።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እኔ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ለመንገድ እሟገተዋለሁ። አትሰማኝም ነበር፣ ጽድ ከሚያማ ሰው ጋር ማዕድ የማትቀርብ ሰው ነበርክ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የምትሰማኝ፣ እለዋለሁ። ማስረጃዬ ብዙ ነው። መጨረሻ ላይ የምሸነፈው ግን እኔው ነኝ፤ አልነገርኩትማ።